ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ለጥገና አይደለም። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ይመጣል፤ ለኮምፒውተሬ የውሃ ማቀዝቀዣ ዕቃ እንዲያመጣልኝ ልነግረው ነው። እኔ ከስሙ በቀር ብዙ አላውቅም፤ ምን ምን እንደሚገዛ እርስዎ ይምረጡልኝ።

ባለሙያው፦ ጥሩ። ቡር ዱባይ ውስጥ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቅ ሞልቷል፤ እዚያ ይፈልግ። ግን ዕቃ ከመምረጣችን በፊት ማሽኑን ልወቀው። ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? ምን ትሠሪበታለሽ?

አርክቴክቷ፦ ኮር አይ ናይን 13900ኬ ነው። የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር አደርግበታለሁ፤ አንዳንዱ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ሲከብደው 100 ዲግሪ ይደርስና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። እኔ ግን ኦቨርክሎክ አድርጌ ከዚህም በላይ ላፈጥነው ነው ያሰብኩት።

ባለሙያው፦ እስከ ስንት?

አርክቴክቷ፦ ትልልቆቹ ኮሮች ሁሉም አብረው ሲሠሩ 5.5 ጊጋኸርዝ ናቸው። 5.8 ባደርሳቸው ደስ ይለኛል።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ዕቃው የሚመረጠው በዚህ ሒሳብ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ፍጥነቱ በጨመረ ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ግን በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ5.5 ወደ 5.8 ሲሄድ ፍጥነቱ በ5 ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ፍጥነት ሳይወላገድ እንዲሠራ ቮልቴጅ መጨመርሽ አይቀርም። ከ1.25 ወደ 1.35 ቮልት አሳደግሽው እንበል። ጭማሪው 8 ከመቶ ነው፤ ካሬው ሲወሰድ 17 ከመቶ ይጠጋል። ሁለቱ ሲባዙ ሙቀቱ በ23 ከመቶ ያድጋል። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው የኃይል ጣሪያ 253 ዋት ነው፤ ከዚያ ተነስተሽ 310 ዋት ገደማ ትደርሻለሽ።

አርክቴክቷ፦ በጊዜ ሲታሰብስ ምን አተርፋለሁ?

ባለሙያው፦ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሬንደር በ57 ደቂቃ ያልቅልሻል። ትንንሾቹ ኮሮች ባሉበት ስለሚቀሩ እንዲያውም ትርፉ ከሦስት ደቂቃ ያንሳል።

አርክቴክቷ፦ ለዚያች ለሦስት ደቂቃ ነው ይህ ሁሉ ሙቀት?

ባለሙያው፦ አዎ፣ ለዚያች ነው። አሁን የሚጎድልብሽ ግን ከዚያ ይበልጣል። 100 ዲግሪ ደርሶ ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር የከፈልሽበትን 5.5 እንኳ አታገኚም። እኔ የውሃ ማቀዝቀዣውን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፦ የገዛሽውን ፍጥነት ሌሊቱን ሙሉ፣ ፋኑ ሳይጮህ፣ እንድታገኚ። ከዚያ በላይ የተረፈ አቅም ካለ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን እናየዋለን። ደግሞ አንድ ልጠይቅሽ፤ የማዘርቦርዱን ባዮስ አድሰሽዋል?

አርክቴክቷ፦ ከገዛሁት ጀምሮ አልነካሁትም።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ዛሬ ማታ እሱን አድርጊ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ራሱ ያመነው ነገር አለ፤ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በማይክሮኮድ ችግር ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ የተወሰኑት ተጎድተዋል። ማስተካከያው በባዮስ እድሳት ነው የሚመጣው፤ ኩባንያው ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። የተጎዳን ፕሮሰሰር ግን እድሳቱ አያድነውም። ይህን የምነግርሽ ሰው ሁሉ ውሃ ካስገባሁ ምንም አይነካኝም ስለሚል ነው። ውሃ ሙቀት ያወጣል። ቮልቴጅ ከሚያደርሰው ጉዳት አያድንም።

አርክቴክቷ፦ ገባኝ። አሁን ወደ ዕቃው እንሂድ። ወንድሜ ፎቶ ልኮልኛል፤ ሙሉ ኪት ነው፣ መብራት አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ራዲያተሩ አሉሚኒየም፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ መዳብ ይላል።

ባለሙያው፦ ይህን አይግዛው።

አርክቴክቷ፦ መብራቱ ነው ያላማረዎት?

ባለሙያው፦ መብራቱ ምንም አላደረገኝም። ችግሩ አሉሚኒየምና መዳብ በአንድ ውሃ ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በፈሳሽ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየተበላ ይሄዳል። እዚህ ላይ ደካማው አሉሚኒየሙ ነው። ራዲያተሩ ከውስጥ ይቦረቦራል፣ የተበላው ብናኝ ከውሃው ጋር ዞሮ ብሎኩ ውስጥ ይቀመጣል፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ይበሳና ያፈሳል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም። ወራት እየፈጀ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሰው ዕቃው ሲበላሽ ምክንያቱን ከዕቃው ምርጫ ጋር አያያይዘውም።

አርክቴክቷ፦ ግን ተገጣጥመው፣ ታሽገው የሚሸጡት፣ ኤአይኦ የሚባሉትም ራዲያተራቸው አሉሚኒየም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለሙያው፦ እውነት ነው፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ፋብሪካው ዝገት የሚከላከል መድኃኒት ያለበት ፈሳሽ ሞልቶ፣ አየር አስወጥቶ ስለሚያሽጋቸው ነው ዓመታት የሚቆዩት። አንድ ሰው ከፍቶ ተራ ውሃ የጨመረበት ቀን ግን ያ ጥበቃ አበቃ። አንቺ ራስሽ በየጊዜው የምትከፍቺውና የምትሞዪው መስመር ላይ ግን ውሃ የሚነካው ሁሉ ከአንድ ወገን ይሁን፦ መዳብ፣ ናስ፣ ኒኬል የተቀባ መዳብ። ራዲያተሩ ሲገዛ መዳብ መሆኑን ሻጩን ይጠይቅ፤ ካርቶኑ ላይም ያንብብ። የተጻፈ ነገር ከሌለ ይተወው።

አርክቴክቷ፦ የመኪና ራዲያተርስ? አንድ ጓደኛዬ በትንሽ ብር አገኝልሻለሁ ብሎኝ ነበር።

ባለሙያው፦ ነገሩ የተጀመረው እንደዚያ ነው። ለኮምፒውተር የተሠራ ራዲያተር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ውጭ አገር ያሉ አፍቃሪዎች የመኪና ማሞቂያ ራዲያተር እየፈቱ ነበር የሚገጥሙት። ያኔ ብዙዎቹ መዳብና ናስ ነበሩ። ዛሬ መኪና ላይ የምታገኚው ባብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ስለዚህ አሁን ባልነው ምክንያት ይቅር።

አርክቴክቷ፦ እሺ፣ መዳብ ይሁን። ስፋቱስ ስንት?

ባለሙያው፦ ገንዘብሽን የምታወጪበት ቦታ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ውሃ ሙቀቱን አያጠፋውም። ከብሎኩ አንስቶ ራዲያተሩ ድረስ ይሸከመዋል፤ የሚወጣው ራዲያተሩ ላይ፣ ወደ ክፍልሽ አየር ነው። ውሃው ከክፍሉ አየር በታች መቼም አይቀዘቅዝም። በልምድ ለ100 ዋት አንድ የ120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚሸፍነው ራዲያተር ይያዛል። ለ310 ዋት ባለ ሦስት ፋኑ፣ 360 የሚባለው፣ ልክ ልኩን ነው ማለት ነው። ያ ግን ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው።

አርክቴክቷ፦ የቦታ ከፍታ ለኮምፒውተር ምኑ ነው?

ባለሙያው፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ፣ በእኩል የሙቀት መጠን ሲለካ፣ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ሲዞር በድምጽም በቁጥርም ያው ነው የሚመስለው፤ የሚገፋው አየር ክብደት ግን በሩብ ቀንሷል። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘውን ሙቀት ለመያዝ እዚህ ከተማ ውስጥ ከ4,000 ሊትር በላይ አየር ያስፈልጋል። አምራቾች ማስታወቂያቸው ላይ የሚጽፉት የዲግሪ ቁጥር ይህን አያስብም።

አርክቴክቷ፦ ታዲያ አየር ማቀዝቀዣም ውሃ ማቀዝቀዣም እኩል ይጎዳሉ ማለት ነው?

ባለሙያው፦ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ሁለቱም መጨረሻቸው ፋንና አየር ነውና። የውሃው ብልጫ ስፋቱን እንደልብ ለመጨመር መፍቀዱ ነው። በጎን ደግሞ የምናመሰግንበት ነገር አለን፤ የክፍላችን አየር ቀዝቃዛ ነው። ክፍልሽ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ በሚገባ የተመረጠ መስመር ውሃውን 30 ዲግሪ አካባቢ ይይዘዋል። ኬዝሽ ላይ ምን ያህል ራዲያተር ይገባል?

አርክቴክቷ፦ መመሪያው ከላይ 360፣ ከፊት 240 ይላል።

ባለሙያው፦ ሁለቱንም ግዢ። አምስት ፋን የሚያህል ስፋት ይሆናል፤ ለከፍታው የሚጎድለውን ሩብ ሸፍኖ ይተርፈዋል፣ ፋኖቹም ቀስ ብለው ይዞራሉ። ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ 45 ከተገኘ ግን ከማዘርቦርዱና ከራሞቹ ጋር እንዳይጋጭ ክፍተቱን በማስመሪያ ለክተሽ ላኪለት። ክንፎቹ በጣም የተጠጋጉትን አይምረጥ። የተጠጋጋ ክንፍ ፈጣን ፋን ይፈልጋል፣ የዚህ ከተማ የግንባታ አቧራ ደግሞ በጥቂት ወራት ይደፍነዋል። ራቅ ራቅ ያሉትን በብሩሽ ማጽዳት ይቻላል። ፋኑ ሲገዛ ራዲያተር ውስጥ አየር ለመግፋት የተሠራ መሆን አለበት፤ ኬዝ ውስጥ አየር ለማንቀሳቀስ ብቻ የተሠራው ፋን ክንፎቹ ላይ ሲደርስ ይደክማል።

አርክቴክቷ፦ ፓምፑስ? ሁለት ራዲያተር ካለ ሁለት ፓምፕ ያስፈልጋል?

ባለሙያው፦ አንድ ይበቃል። ገበያው ላይ ለዓመታት የቆዩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ዲ5 እና ዲዲሲ ይባላሉ። ዲዲሲ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ የመግፋት ጉልበቱም ይበልጣል፣ ግን ይሞቃል። ዲ5 ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ለአንቺ እሱን እመርጣለሁ። የምትሠሪው ሌሊት ነው፣ ማሽኑም ያለው መኖሪያ ቤትሽ ውስጥ ነው።

አርክቴክቷ፦ ቅደም ተከተሉስ? ከፓምፑ ቀጥሎ ራዲያተር ነው ወይስ ብሎክ? ሰው ሁሉ በዚህ ሲከራከር እሰማለሁ።

ባለሙያው፦ ያንንም በሒሳብ እንየው። በደቂቃ 4 ሊትር ውሃ ይዞራል እንበል፤ በሰከንድ 67 ግራም ነው። አንድ ግራም ውሃ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 4.18 ጁል ይወስዳል። 310 ዋትሽን ለዚያ ብታካፍዪው ውሃው ብሎኩን ሲገባና ሲወጣ ያለው ልዩነት 1.1 ዲግሪ ነው። ለአንድ ዲግሪ መከራከር አያስፈልግም፤ ቱቦው አጭርና ያልታጠፈ በሚሆንበት መንገድ አዙሪው። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል አንድ ብቻ ነው፦ የውሃ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊት፣ ከፓምፑም ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ፓምፑ ለአፍታም ቢሆን በደረቁ መዞር የለበትም።

አርክቴክቷ፦ ብሎኩን እስካሁን አላነሱትም።

ባለሙያው፦ ቆይ፣ በዓይንሽ ላሳይሽ። ይህን ብሎክ አንድ ደንበኛ ነው ያመጣልኝ። አራቱን ብሎኖች ልፍታቸው... ይኸው፣ ወደ መብራቱ አዙሪውና እዪው። ይህ ታቹ መዳብ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት መስመሮች ይታዩሻል? ጭረት ይመስላሉ እንጂ ክንፎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ነው። ውሃው በዚያ መካከል ነው የሚያልፈው።

አርክቴክቷ፦ ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ቅባት ይመስላል።

ባለሙያው፦ በጥፍርሽ ንኪው። ያጣብቃል፣ አይደል? ከቱቦው የወጣ ነው። ግልጽ፣ ለስላሳ የሆነው ርካሽ ቱቦ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ፤ ሞቅ ያለ ውሃ በላዩ ሲዞር ያ ኬሚካል ቀስ እያለ ይለቃል፣ መጥቶም እዚህ ክንፎቹ ላይ ይለጠፋል። ግማሹ መንገድ ተዘግቷል። ባለቤቱ ፓምፑ ደክሟል ብሎ ነው ያመጣው፤ ፓምፑ ደህና ነው።

አርክቴክቷ፦ ስለዚህ ቱቦው...

ባለሙያው፦ ኢፒዲኤም የሚባለውን ጥቁር ጎማ ይግዛ፤ የውስጥ ስፋቱ 10፣ የውጭው 16 ሚሊ ሜትር። ውሃው አይታይም፣ ለፎቶ አያምርም፤ ግን ያ ኬሚካል የለበትም፣ ለዓመታትም ይቆያል። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን ደረቅ ቱቦ አልመክርሽም። አንድ ዕቃ ለመቀየር ሙሉውን መስመር ማፍረስ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ዓይነትም ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። ማያያዣዎቹ ለዚሁ ለ10 በ16 የተሠሩ፣ ጥርሳቸው ጂ አንድ አራተኛ ይሁን፤ መለኪያው በዓለም ሁሉ ያው ነው። ትርፍ ሁለት ማያያዣና አንድ ጥቅል ኦሪንግ ይጨምር። ዋጋው ትንሽ ነው፣ እዚህ ግን አንዲት ኦሪንግ ጠፍታ ማሽን ሳምንታት ቆሞ አይቻለሁ።

አርክቴክቷ፦ እና ብሎኩ ጥሩ ከሆነ ዲግሪው በጣም ይወርዳል?

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ብዙ ተስፋ እንዳትጥዪ። የፕሮሰሰሩ ሲሊከን ራሱ ከ3 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። 310 ዋት ከዚያች ቦታ ተነስቶ፣ በክዳኑና በፔስቱ አልፎ ነው ብሎኩ ጋ የሚደርሰው። ጭንቁ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ውሃሽ 30 ዲግሪ ሆኖ ኮሮቹ 85 ወይም 90 ሲሆኑ ብታዪ አትደንግጪ። ለዚህ ሶኬት አንድ የምጨምርልሽ ነገር አለ፤ ኢንቴል የሠራው መያዣ ክዳኑን መሃሉ ላይ ተጭኖ በትንሹ ያጎብጠዋል። እሱን የሚተካ፣ ዙሪያውን እኩል የሚጫን ፍሬም ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ ጥቂት ዲግሪም ያወርዳል። ብሎኩ ለዚህ ሶኬት፣ ለኤልጂኤ 1700፣ የሚሆን ማያያዣ ይኑረው፤ ይኸው ነው።

አርክቴክቷ፦ ግራፊክስ ካርዱንስ?

ባለሙያው፦ ተዪው። በራሱ ፋን ደህና ነው።

አርክቴክቷ፦ ፈሳሹንስ ከዚሁ ልግዛ? የቧንቧ ውሃ አፍልቼ ባጣራውስ?

ባለሙያው፦ ማፍላት ማዕድኑን ሁሉ አያወጣም። የቀረው ካልሲየም አሁን ያየሻቸው ክንፎች ላይ ነው የሚጋገረው። ዲስቲልድ ውሃ ነው የሚያስፈልግሽ፤ የመኪና ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ የባትሪ ውሃ ስትዪ አሲዱን የሚሰጥሽ ሻጭ አለ። አሲድ መዳቡንም አንቺንም ይበላል። ጠርሙሱ ላይ ዲስቲልድ መባሉን ሳታነብቢ አትውሰጂ። ዲስቲልድ ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አልጌ ያበቅላል፣ ዝገትም አይከላከልም። ወንድምሽ የኮምፒውተር ኮንሰንትሬት የሚባለውን ትንሽ ጠርሙስ ያምጣ፤ 100 ሚሊ ሊትሩ በ900 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ተበጥብጦ አንድ ሊትር ይሆናል። ቀለም የሌለውን ይምረጥ፤ ወተት የሚመስለው ቀለም ውሎ አድሮ ይዘቅጣል። እጁ ላይ ከሚይዘው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከመግዛት የታሸገውን ኤአይኦ ባመጣስ? ቀላል አይሆንም?

ባለሙያው፦ ቀላል ነው። ለብዙ ሰውም የምመክረው እሱን ነው፤ ብዙ አምራቾች የ5 ወይም የ6 ዓመት ዋስትና ይሰጡበታል። ለአንቺ ያልመረጥኩበት ምክንያት ይህ ነው። ፈሳሹ በጎማው በኩል በዓመታት እየቀነሰ ይሄዳል፣ መሙያ ደግሞ አብዛኞቹ የላቸውም። ፓምፑ ሲሞት ሁሉም ዕቃ ይጣላል፤ ዋስትናውም የሚሠራው መልሰሽ ወደገዛሽበት አገር መላክ ከቻልሽ ነው። እኛ የመረጥነው ላይ ፓምፕ ቢሞት ፓምፕ ብቻ ይቀየራል። ግን ባለቤት ይፈልጋል፤ በዓመት አንዴ ውሃው ይቀየራል፣ ማያያዣዎቹ ይታያሉ። አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓወር ማክ ጂ5ን በፈሳሽ ማቀዝቀዣ ሠርቶ ሸጦ፣ ዓመታት ሲያልፉ ፈሳሹ እያፈሰሰ ብዙ ማሽን ተበላሽቷል። በዓመት አንድ ቀን ልትሰጪው የማትችዪ ከሆነ ኤአይኦውን ግዢ፤ ማፈሪያ የለውም።

አርክቴክቷ፦ እሰጠዋለሁ። ሌሊት ተኝቼ ፓምፑ ቢቆምስ? መብራትም እንደሚያውቁት ይጠፋል።

ባለሙያው፦ መብራት ሲጠፋ ፕሮሰሰሩም አብሮ ስለሚጠፋ ሙቀት አይፈጠርም። ፓምፑ ብቻውን ቢሞት ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበቃው ራሱን ያጠፋል። የሚያሳስበኝ ዩፒኤስሽ ነው። ስንት ነው?

አርክቴክቷ፦ 650 ቪኤ።

ባለሙያው፦ እሱ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አይበልጥም። ፕሮሰሰሩ 310፣ ግራፊክስ ካርዱ 300 ከበላ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ዩፒኤሱ አብሮ ይወድቃል፤ የሌሊቱ ሥራሽም አብሮ ይሄዳል። መብራት ላለው ኪት የምትከፍዪውን ብር ለዩፒኤስ አድርጊው።

አርክቴክቷ፦ ወንድሜ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ ነው። በማግስቱ የማስረክበው ሥራ ስላለኝ እንደመጣ ቢገጥሙልኝ...

ባለሙያው፦ አይሆንም። ውሃ የገባበት ማሽን መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ፓምፑ ብቻ 24 ሰዓት ይዞራል፤ ከየማያያዣው ሥር ነጭ ሶፍት አድርገን ጠብታ መኖሩን እናያለን። ያ ሳይሆን አላበራውም። የያዝሽውን ሥራ አሁን ባለው ማቀዝቀዣ ጨርሺ፤ ባዮሱ ላይ የኃይል ጣሪያውን 200 ዋት አድርጊው፣ ፍጥነቱ በጥቂቱ ብቻ ነው የሚቀንሰው። አስረክበሽ ስትጨርሺ ዕቃውንም ማሽኑንም ይዘሽ ነይ። ሁለት ቀን ያስፈልገኛል፤ አንዱ ለመግጠም፣ አንዱ ለፍተሻ።